ፍላሽ ማዞር ይብቃ፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የጋራ ፋይል ሰርቨር አተካከል

ኮምፒውተር ባለበት ትምህርት ቤትና ጽሕፈት ቤት ሁሉ ከመሐል ሜዳ እስከ ራቤል፣ ከሞላሌ እስከ ዓለም ከተማ አንድ ጥያቄ ይሰማል፦ «ፋይሉ የማን ፍላሽ ላይ ነው?» ሮስተሩ ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። የፈተና ወረቀት ለኅትመት የሚሄደው ሾርትከት ቫይረስ ባለበት ፍላሽ ነው። የዓመቱ ዕቅድ የነበረበት ላፕቶፕ ደግሞ ከተዛወረው ባለሙያ ጋር ሄዷል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አንድ ኮምፒውተር ፋይል ይይዛል፤ ሌሎቹ በኬብል ወይም በዋይፋይ ከእሱ ያነባሉ፣ እሱ ላይ ይጽፋሉ። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ መስመር ለሳምንት ቢጠፋም ቢሮው ውስጥ ሥራው ይቀጥላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከአምስት እስከ ሠላሳ ለሚሆኑ ኮምፒውተሮች ሲሆን የምንጠቀመው በዴቢያን ሊኑክስ ላይ የተሠራውን ነፃ ሲስተም፣ ኦፕን ሚዲያ ቮልትን ነው። ፋይሉን ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የሚያካፍለው በውስጡ ያለው ሳምባ ነው። ሳምባን ባዶ ሊኑክስ ላይ በትእዛዝ መስመር መትከል ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ዛሬ የሚተክለው ሰው ለከርሞ ሌላ ወረዳ ሊሆን ይችላል። የሚተካው ባለሙያ ብሮውዘር ከፍቶ የተሠራውን በዓይኑ ማየት አለበት።

1. ማሽኑን ይምረጡ

አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰርና 4 ጊጋ ባይት ራም ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃል። የሚያስፈልገው የኔትወርክ ኬብል መሰኪያና ሁለት ዲስክ ነው፤ አንዱ ለሲስተሙ፣ አንዱ ለፋይሉ። ኦፕን ሚዲያ ቮልት ሲስተሙ ያለበትን ዲስክ ለራሱ ይዞ ፋይል ማስቀመጫዎን ለብቻው ይፈልጋል። ለሲስተሙ 64 ወይም 120 ጊጋ ባይት ኤስኤስዲ ከበቂ በላይ ነው።

መብራት በሚመላለስበት ቦታ የእኔ ምርጫ ባትሪው ገና የሚይዝ ላፕቶፕ ነው። ውስጡ ያለው ዲስክ ለሲስተሙ ይሆናል፤ በዩኤስቢ የሚሰካው ኤክስተርናል ደግሞ ለፋይሉ። መብራት ሲሄድ ሁለቱም ከላፕቶፑ ባትሪ ይሠራሉ። ክዳኑን ከዘጉት ግን ሊተኛ ስለሚችል ተከፍቶ ይቀመጥ። ባትሪው ሲያልቅም ሲስተሙ ፋይሉን ዘግቶ በሥርዓት እንደሚጠፋ አይመኑ፤ ማን እንደሚያጠፋው አስቀድሞ ይወሰን።

2. ስለ ዲስኩ፣ ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ያስቡ

ከቆላ ወይም ከከተማ የመጣ መመሪያ የማይነግርዎ ነገር አለ። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የሚያነበው ጫፍ ሳህኑን አይነካም፤ ሳህኑ ሲዞር በሚፈጠረው ስስ የአየር ንብርብር ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። ብዙ አምራቾች ለተለመዱት ሃርድ ዲስኮች የሚያስቀምጡት የሥራ ከፍታ ጣሪያ ወደ 3,050 ሜትር ገደማ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ወደ ጓሳ ሲወጡ ደግሞ ከፍታው ከዚያም ይጨምራል። በዚያ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ማለት በመንዝ ሃርድ ዲስክ አይሠራም ማለት አይደለም፤ በየቢሮው ሲሠራ ያዩታል። ቀኑን ሙሉ ሲዞር የሚውል የሰርቨር ዲስክ ግን አምራቹ ዋስትና ከሰጠበት ወሰን ጫፍ ላይ ወይም ከዚያ ውጭ እየሠራ ነው ማለት ነው። በመሆኑም መጀመሪያ በስልክዎ ጂፒኤስ የቢሮውን ከፍታ ይለኩ። ከ2,800 ሜትር በላይ ከሆነ ለፋይሉ ኤስኤስዲ ይግዙ፤ በውስጡ የሚንሳፈፍም የሚሽከረከርም የለም። ለአንድ ትምህርት ቤት ሰነድ 500 ጊጋ ባይት ለዓመታት ይበቃል። ገንዘቡ የሚያጥረው ለቪዲዮ ትምህርት ብዙ ቴራ ባይት ሲፈልጉ ነው፤ ያኔም ሰነዱ በኤስኤስዲ ላይ ይሁን፣ ቪዲዮው ብቻ በሃርድ ዲስክ። ቪዲዮ ቢጠፋ እንደገና ይገለበጣል፤ የተማሪ ውጤት ግን አይገኝም። ዓለም ከተማ ከመንዝ እጅግ ዝቅ ያለች ስለሆነች እዚያ ከፍታው አያሳስብም፤ ሃርድ ዲስክ በልበ ሙሉነት ይጠቀሙ።

ብርዱም የራሱ ነገር አለው። ብዙ ሃርድ ዲስኮች ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ባለ ብርድ እንዲነሡ አልተሠሩም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረን ማሽን ገና በማለዳ ከማስነሣት ክፍሉ እስኪሞቅ ይጠብቁ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ ዕቃም ላዩ ላይ ጤዛ ስለሚይዝ አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ። ስለ መንገዱም እንዲሁ፦ ከጣርማ በር ወደ ሞላሌ ሲሄዱም ሆነ ከለሚ በጀማ ሸለቆ ወደ ዓለም ከተማ ሲሻገሩ የሚሽከረከር ዲስክ ያለበትን ማሽን ከመኪና ጣሪያ ላይ አይጫኑ። ዲስኩን አውጥተው በልብስ ጠቅልለው በእጅዎ ይያዙት።

3. መብራቱን ያስተካክሉ

ዴስክቶፕ ከመረጡ ዩፒኤስ ግዴታ ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ እየተጻፈ ያለው ፋይል ይበላሻል፤ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ደግሞ ፓወር ሰፕላይ ያቃጥላል። ሲገዙ የዩኤስቢ መሰኪያ ያለውን ይጠይቁ፤ ኦፕን ሚዲያ ቮልት «ነት» በሚባለው ተጨማሪ ክፍል አማካይነት ባትሪው ሊያልቅ ሲል ተነግሮት ራሱን በሥርዓት ያጠፋል። ያለ ዩኤስቢ ገመድ ዩፒኤሱ ጊዜ ይገዛልዎታል እንጂ ለሰርቨሩ ምንም አይነግረውም።

የተለመደው ስሕተት ሰርቨሩን ብቻ ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ ስዊቹንና ራውተሩን መርሳት ነው። ላፕቶፖቹ ባትሪ አላቸው፣ ሰርቨሩም በርቷል፤ መካከል ላይ ያለው ስዊች ግን ጠፍቶ ሁሉም ይቋረጣል። ፎቶ ኮፒ ማሽንና ሌዘር ፕሪንተር ደግሞ ከዚያ ዩፒኤስ ይራቁ፤ አንድ ጊዜ ሲሞቁ የሚስቡት ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

4. ሲስተሙን ኢንተርኔት ባለበት ይጫኑ

የመጫኛው ፋይል ከ1 ጊጋ ባይት ብዙም አይርቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ማሻሻያና ተጨማሪ ክፍሎች ይወርዳሉ። በአካባቢዎ መስመሩ ደካማ ከሆነ ማሽኑን ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ሳሉ ጭነው፣ ማሻሻያውን አውርደው፣ «ነት»ንና ቅጂ የሚያስቀምጠውን «ዩኤስቢ ባክአፕ»ን አስገብተው ይውጡ። ካለበለዚያ አንዲት የጎደለች ክፍል ለማውረድ ሲሉ ቀናት ያልፋሉ።

መጫኛውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ «ሩፉስ» ወይም «ባሌና ኤቸር» በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይጻፉት። ከመጀመርዎ በፊት የፋይሉን ዲስክ ከማሽኑ ይንቀሉ፤ የሲስተሙ ዲስክ ብቻ ይቅር። መጫኛው የመረጡለትን ዲስክ ጠርጎ ያጠፋል፤ ሁለት ዲስክ ተሰክቶ ሳለ የተሳሳተውን መምረጥ ቀላል ነው። የሰዓት ክልሉን አፍሪካ/አዲስ አበባ ያድርጉ። የሩት (የሲስተሙ ዋና ተጠቃሚ) ይለፍ ቃል ሲጠይቅዎ የሰጡትን ወዲያው በወረቀት ይጻፉ።

ማሽኑ ሲነሣ የራሱን የኔትወርክ አድራሻ በስክሪኑ ላይ ያሳያል። ከሌላ ኮምፒውተር ብሮውዘር ከፍተው ያንን ቁጥር ይጻፉ። የመጀመሪያው ስም «አድሚን» ነው፤ የይለፍ ቃሉ ደግሞ የሲስተሙ ስም ራሱ ሳይነጣጠል፣ በትንንሽ የላቲን ፊደላት። እንደገቡ ይቀይሩት። ይህን የይለፍ ቃል ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ኮምፒውተር የሚወድ የ10ኛ ክፍል ተማሪማ ከሁሉ ቀድሞ ያውቀዋል።

5. ኔትወርኩንና አድራሻውን ያጽኑ

ሰርቨሩ ሁልጊዜ በኬብል ይገናኝ። በ100 ሜጋ ቢት ስዊች አንድ ጊጋ ባይት ቪዲዮ ለመገልበጥ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይወስዳል፤ በጊጋ ቢት ስዊች ዐሥር ሰከንድ ገደማ። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ጊጋ ቢቱን ይግዙ። አንድ የኬብል ዝርጋታ ከ100 ሜትር አይለፍ።

ከአንድ ሕንጻ ወደ ሌላ ሕንጻ ግን የመዳብ ኬብል በአየር ላይ አይዘርጉ። በሐምሌና በነሐሴ የመንዝ መብረቅ በአንድ ብልጭታ በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ዕቃዎች ሊያቃጥል ይችላል። በሕንጻዎች መካከል ፋይበር ወይም ፊት ለፊት የሚተያዩ የዋይፋይ አንቴናዎች ይጠቀሙ።

ቀጥሎ «ኔትወርክ» ከሚለው ክፍል ለሰርቨሩ ቋሚ አድራሻ ይስጡ። ራውተርዎ 192.168.1.1 ከሆነ ሰርቨሩ 192.168.1.10 ይሁን፤ ራውተሩ ለሌሎች የሚያድለው አድራሻ ደግሞ ከ100 ጀምሮ እንዲሆን ያስተካክሉ። ይህን ካልለዩ አንድ ቀን የእንግዳ ስልክ የሰርቨሩን አድራሻ ይወስድና ፋይሉ የጠፋ ይመስላል። አድራሻውን ሲቀይሩ ተሳስተው መግባት ካቃትዎ ስክሪንና ኪቦርድ ሰርቨሩ ላይ ሰክተው በሩት ይግቡና «ኦኤምቪ-ፈርስትኤይድ» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ አድራሻውንም የአድሚኑን የይለፍ ቃልም ከዚያ እንደገና ማስተካከል ይችላሉ።

6. ዲስክ፣ ሰዎች፣ ፎልደሮች

ማሽኑን አጥፍተው የፋይሉን ዲስክ መልሰው ይሰኩ። «ስቶሬጅ» ውስጥ «ፋይል ሲስተምስ» ከሚለው ዲስኩን በኢኤክስቲ4 ፎርማት ያድርጉና «ማውንት» ያድርጉት። ከዊንዶውስ የመጣ ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ እንዳለ መጠቀም የሚያጓጓ ቢሆንም ማን ምን ማየት እንደሚችል በሊኑክስ ሥርዓት ለመቆጣጠር ኢኤክስቲ4 ይሻላል። ለውጥ ባደረጉ ቁጥር ከላይ ቢጫ መስመር ይወጣል፤ የማጽደቂያ ምልክቷን እስኪጫኑ ድረስ ምንም አልተቀየረም። ከጀማሪዎች ችግር ገሚሱ ይህችን ምልክት መርሳት ነው።

ፎልደሮቹን ከመሥራትዎ በፊት ከርዕሰ መምህሩ ወይም ከኃላፊው ጋር ወረቀት ይዘው ይቀመጡ። ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት ፎልደር ይበቃል፦ መምህራን የሚጽፉበት ተማሪዎች የሚያነቡት መማሪያ፣ የክፍል ኃላፊዎችና መዝገብ ቤት የሚገቡበት ሮስተር፣ የፈተና ኮሚቴው ብቻ የሚያየው ፈተና፣ ሁሉም የሚጽፍበትና ዓርብ ዓርብ የሚጸዳ መረካከቢያ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ስለሆነ ተማሪዎች በላቦራቶሪው የሚያሳልፉት ጊዜ ጨምሯል። የፈተናው ፎልደርና የተማሪው ኮምፒውተር በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸውን አይርሱ።

«ዩዘርስ» በሚለው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ስም ይክፈቱ፤ ለተማሪዎች አንድ የጋራ ስም ይበቃል። ከዚያ በቡድን ይመድቧቸው። የተጠቃሚና የፎልደር ማጋሪያ ስም በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ አጭርና ክፍተት የሌለው ይሁን፤ አማርኛው በውስጥ ላሉት ፋይሎች ነው። «ሼርድ ፎልደርስ» ውስጥ ፎልደሩን ከሠሩ በኋላ «ፐርሚሽንስ» ውስጥ ገብተው ለእያንዳንዱ ቡድን መጻፍና ማንበብ፣ ማንበብ ብቻ፣ ወይም ክልክል የሚለውን በግልጽ ይምረጡ። ባዶ የተተወን ሳጥን እንደ ክልከላ አይቁጠሩት፤ ለተማሪው ስም በፈተናው ፎልደር ላይ «ኖ አክሰስ» ላይ ምልክት ያድርጉ፣ በተማሪው ስም ገብተውም ይሞክሩ። «ኤሲኤል» የሚለውን አይንኩ፤ ሳይገባቸው እዚያ የገቡ ሰዎች ያወሳሰቡትን ለመፍታት ሰርቨሩን እንደ አዲስ መጫን ይቀላል።

7. ማጋራቱን ያስጀምሩ

«ሰርቪስስ» ውስጥ «ኤስኤምቢ/ሲአይኤፍኤስ» የሚለውን (ሳምባ ፋይል የሚያጋራበትን ሥርዓት) ከፍተው ያስጀምሩት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ፎልደር አንድ በአንድ ያክሉ። «ፐብሊክ» የሚለውን «ኖ» ያድርጉ። ያለ ይለፍ ቃል መክፈት ቀላል ቢመስልም አዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች ብዙዎቹ የእንግዳ ግንኙነትን ስለሚከለክሉ «ለሁሉም ይሠራል፣ ለአዲሱ ላፕቶፕ ግን አይሠራም» የሚል ራስ ምታት ያመጣል።

«ሪሳይክል ቢን» የሚለውን ያብሩ፤ የተሰረዘ ፋይል ለ30 ቀን እንዲቆይ ያድርጉ። በኔትወርክ የተሰረዘ ፋይል በዊንዶውስ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገኝም፤ ይህ ካልበራ ሰኔ ላይ የጠፋ ሮስተር ጠፋ ነው።

አሮጌ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበት ኮምፒውተር ካለዎት አይገናኝም፤ የሚያውቀው የመጀመሪያውን የኤስኤምቢ እትም ብቻ ነው። ለእሱ ብለው ያንን እትም አይክፈቱ። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ የተዛመተው በዊንዶውስ ውስጥ በነበረው የዚሁ እትም ቀዳዳ ነው። ኤክስፒው ወደ ሊኑክስ ይቀየር፣ ወይም ለመተየቢያ ብቻ ይቅር።

8. ኮምፒውተሮቹን ያገናኙ

በዊንዶውስ «ፋይል ኤክስፕሎረር» የአድራሻ መስመር ላይ ሁለት ወደ ኋላ የተጋደሙ ጭረቶች፣ ቀጥሎም የሰርቨሩን አድራሻ ይጻፉ። ስምና የይለፍ ቃል ሲጠይቅ ያስገቡ። ሠራተኛው ሁልጊዜ እንዲያገኘው ፎልደሩን በቀኝ ማውዝ ነክተው «ማፕ ኔትወርክ ድራይቭ» ይበሉ። «ኔትወርክ» በሚለው ሥር ሰርቨሩ ባይታይ አይጨነቁ፤ አድራሻው ሲጻፍ ከተከፈተ ሥራው ያው ነው።

በጋራ ኮምፒውተር ላይ የሚገጥም አንድ ችግር አለ። ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ በሁለት የተለያዩ ስሞች ወደ አንድ ሰርቨር አያስገባም። የመጀመሪያው መምህር ገብቶ ከሄደ ሁለተኛው «አይፈቀድም» ይባላል። መፍትሔው ከዊንዶውስ «ሳይን አውት» ብሎ መግባት ነው፤ በጋራ ማሽን ላይ ደግሞ «ይለፍ ቃሌን አስታውስ» የሚለው ፈጽሞ አይመረጥ። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ቪኤልሲ ቪዲዮውን ከሰርቨሩ በቀጥታ ያጫውታል።

9. የስም አሰጣጥ ደንብ ያውጡ

አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ኢኤክስቲ4 ደግሞ አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት እንዲበልጥ አይፈቅድም። ስለዚህ ስሙ 85 ፊደል ሳይሞላ ይቆማል። ዊንዶውስ ላይ የተቀመጠና እንደ ደብዳቤ ጉዳይ የረዘመ ስም ያለው ፋይል ሰርቨሩ ላይ አልገለበጥ ሲል ምክንያቱ ይህ ነው። ስሙን ያሳጥሩት።

«ት/ቤት»፣ «ጽ/ቤት» በሚሉት ውስጥ ያለው እዝባር (/) በፋይል ስም ውስጥ አይፈቀድም፤ በሰረዝ ይተኩ። ፍለጋም «ዓመት»ንና «አመት»ን፣ «መርሐቤቴ»ንና «መርሃቤቴ»ን እንደ ተለያየ ቃል ያያል። የትኛውን አጻጻፍ እንደምትከተሉ ተስማምታችሁ ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ሰዋስው ለማስከበር ሳይሆን ፋይሉ እንዲገኝ። ስሙ በዓመተ ምሕረትና በወር ቁጥር ይጀምር፣ ለምሳሌ «2017-06-ሮስተር»፤ መስከረም 01፣ ጳጉሜን 13። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚመዘግበው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ በእሱ ብቻ ከፈለጉ ይስታሉ።

10. ቅጂ ያስቀምጡ፣ መልሰውም ይሞክሩ

በአንድ ማሽን ውስጥ ባሉ ሁለት ዲስኮች ላይ ማባዛት ቅጂ አይደለም፤ መብረቁ ሁለቱንም ያገኛል። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ይግዙ። «ዩኤስቢ ባክአፕ» ካዘጋጁ ዲስኩ ሲሰካ ቅጂው በራሱ ይጀምራል። ሳምንት ሳምንት እየተቀያየሩ ይሰኩ፤ ያልተሰካው ከግቢው ውጭ፣ በሌላ ቤት ይቀመጥ። ከሰርቨሩ የተሰረዘውን ከቅጂውም የሚሰርዘውን አማራጭ አያብሩ። ቅጂው በኢኤክስቲ4 ከሆነ በሌላ ማሽን ይነበብ ዘንድ አንድ የሊኑክስ ማስነሻ ፍላሽ አብሮት ይቀመጥ፤ ዊንዶውስ ያንን ዲስክ አያነበውም።

በሰዓት የሚሠራ ቅጂ ካዘጋጁ ሰዓቱ የአውሮፓውያን ባለ 24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት 2 ነው፣ ከቀኑ 7 ሰዓት 13። ሌሊት ማሽኑ የሚጠፋ ከሆነ የምሳ ሰዓትን ይምረጡ። ሰርቨሩ ኢንተርኔት ከሌለው ሰዓቱን ራሱ አያስተካክልም፤ በወር አንድ ቀን ከስልክዎ ጋር ያስተያዩት።

በየሴሚስተሩ መጨረሻ ከቅጂው አንድ ሮስተር አውጥተው በሌላ ኮምፒውተር ይክፈቱ። ከዚያ የሰርቨሩን አድራሻ፣ የአድሚኑንና የሩቱን ይለፍ ቃል፣ ሁለተኛው ዲስክ የት እንዳለ በአንድ ወረቀት ጽፈው፣ በፖስታ አሽገውና ማኅተም አድርገውበት ካዝና ውስጥ ያስቀምጡ። ባለሙያው ሲዛወር በርክክብ ቅጹ ላይ ከኮምፒውተሩና ከወንበሩ ጋር ይህም ፖስታ በስሙ ይመዝገብ።